ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ኮድ መጻፍ፦ ከሥራ ፍለጋ እስከ ክፍያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ኮድ መጻፍ ለሚያውቅ፣ ሥራውን ከውጭ አገር ድርጅት ተቀብሎ ኑሮውን ግን በሰሜን ሸዋ ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ነው። የእኔ ልምድ የደብረ ብርሃን ነው፤ አብዛኛው ግን ለሸዋ ሮቢትም፣ ለደብረ ሲናም፣ ለመሐል ሜዳም ይሠራል። ገቢው በዶላር ወይም በዩሮ፣ ወጪው ደግሞ በብር፣ ያውም ከአዲስ አበባ በሚቀል ኪራይና ከገበሬው እጅ በሚገዛ ገብስና ባቄላ ሲሆን፣ መካከለኛ ክፍያ የሚያገኝ ፕሮግራመር ሳይጨነቅ መኖር ይችላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው እንዲተማመንብን ማድረግ ነው ሥራው፤ ከዚህ በታች ካሉት እርምጃዎች ብዙዎቹም የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው።

ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ ሄደው በርካሽ እየኖሩ በርቀት መሥራትን የሚመርጡ ሰዎች አሉ። ይህን የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የቪዛውን ዓይነት ያጣራ፤ በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው በብዙ አገሮች ሕግ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፣ አሠሪው በሌላ አገር ቢሆንም እንኳ ጉዳዩ አከራካሪ ነው። ቪዛው፣ ትኬቱና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ኪራይ ተደምሮ ሲታይ ርካሽነቱም ያን ያህል ላይሆን ይችላል። እኔ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የራቅሁት፤ በቂ ሆኖልኛል።

አንደኛ፦ ቤት ሳይከራዩ ሥራ ያግኙ

ሥራው ሳይኖር ከተማ መቀየር ትርፉ ብስጭት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የጨረሱ ወጣቶች ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ይጠይቁኛል፤ ሰርተፍኬቱ መማርዎን ያሳያል እንጂ ሥራ አያስቀጥርም። አሠሪ የሚያየው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጡትን፣ ሌላ ሰው ወስዶ በአሥር ደቂቃ ሊያስነሣው የሚችለውን ፕሮጀክት ነው። አንድ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ከአሥር ጅምር ይበልጣል፤ የማስነሻ መመሪያው በግልጽ ከተጻፈ ደግሞ ግማሹን የቃለ መጠይቅ ሥራ ይሠራልዎታል።

እንደ አፕወርክ ያሉ የኢንተርኔት የሥራ ገበያዎች ለመነሻ ያገለግላሉ፤ እንደ አንዴላ ያሉት ደግሞ ፈትነው ለረጅም ጊዜ ሥራ የሚያገናኙ ናቸው። በሁለቱም ቦታ ራስዎን ሲያስተዋውቁ ሙያዎን ያጥብቡ። «ማንኛውንም ዌብሳይት እሠራለሁ» የሚል ሰው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጋር ይወዳደራል፤ «በፒኤችፒ (በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ) የተሠራ አሮጌ ሲስተም ሳይቋረጥ ወደ አዲስ ስሪት አሻግራለሁ» የሚለው ግን ተፎካካሪው ጥቂት ነው።

ዋጋ ሲወስኑ ከወር ወጪዎ ተነሥተው ወደ ኋላ ያስሉ። በወር 1,000 ዶላር ያስፈልገኛል የሚል ሰው በወር 160 ሰዓት ይከፈለኛል ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ አዲስ ሥራ መፈለግ፣ መብራት መጠበቅ የሚከፈልባቸው አይደሉም። በእኔ ልምድ የሚከፈለው ከ100 ሰዓት ብዙ አይዘልም፤ ስለዚህ መነሻው በሰዓት 10 ዶላር ይሆናል፣ በዚያ ላይ ግብሩ፣ የባንክ ወጪውና ሥራ የሚጠፋበት ወር ሲጨመር ከ15 በታች መውረድ አያዋጣም። «ኢትዮጵያ ርካሽ ስለሆነች» ብሎ ራስን ማራከስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ርካሹ ሽሮው ነው እንጂ ላፕቶፑ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ቤቱን በኔትወርኩ ይምረጡ

ቤት ለማየት ሲሄዱ ላፕቶፕዎንና ሁለት ሲም ካርዶችን ይዘው ይሂዱ፤ በሚከራዩበት ሰፈር ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት ላይ የተለካ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ሁሉም ሰው ስልኩን ይዞ በሚቀመጥበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይለኩ፤ በር ዘግተው፣ ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ጥግ ላይ ሆነው ይለኩ። የድንጋይ ግድግዳ የሞባይል ሲግናልን ክፉኛ ያዳክማል፤ በግቢው ውስጥ ጥሩ የነበረው መስመር ቤት ሲገቡ ሊጠፋ ይችላል።

የመስመር ኢንተርኔት በአካባቢው መኖሩን በቴሌ ማእከሉ ይጠይቁ፤ በግቢው ያለ መስመር በአከራዩ ስም ከሆነ ደግሞ በእርስዎ ስም ሌላ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። የመብራት ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ቀን ከሌሊት ኮምፒውተር የሚያበራ ተከራይ ከጎረቤት ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ጠባሴን ጨምሮ በየሰፈሩ ሁኔታው ስለሚለያይ ከአንድ ሰው ወሬ ይልቅ የራስዎን ልኬት ይመኑ።

ሦስተኛ፦ መብራት ሲጠፋ የሚሠራውን ያዘጋጁ

ዴስክቶፕ አይግዙ። ላፕቶፕ ባትሪው ራሱ መጠባበቂያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያስቸግረው ከላፕቶፑ ይልቅ ራውተሩ ነው፣ እሱ ወዲያው ይሞታልና። አብዛኛው የቤት ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራና 10 ዋት ገደማ የሚወስድ ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በላይ ከተሟጠጠ ቶሎ ስለሚሞት 42ቱን ብቻ ይቁጠሩ፣ ያ ለ10 ዋት ራውተር አራት ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ከ13 ቮልት በላይ ስለሚሰጥ ራውተሩን በቀጥታ ከእሱ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ) ይግዙ፤ የመሰኪያውን ቮልቴጅም ከራውተሩ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ።

መብራት ሲሄድ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ፤ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን አመላለሱ ነው።

አራተኛ፦ ኔትወርክ ባይኖርም ሥራ እንዳይቆም ያድርጉ

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚፈልግ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም ነበር፤ ከዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ ዕቅዱን የሚያወጣው ይህ ዓይነቱ ነገር እንደሚያጋጥም አስቦ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ከኢንተርኔት እንዲላቀቅ ያድርጉ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሙሉው የለውጥ ታሪክ በእጅዎ ስላለ ኮሚት ማድረግ (ለውጥን መመዝገብ)፣ ቅርንጫፍ መክፈት፣ የቆየ ለውጥ ማየት ሁሉ ያለ ኔትወርክ ይቻላል፤ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለመላክና ለመቀበል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚቶችዎን ትንንሽ አድርገው ይጻፉ፤ መስመር ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብቅ ቢል እንኳ የተሠራው ይላካል። የሚጠቀሙባቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች ማኑዋል ዚል በሚባለው ፕሮግራም አውርደው ያስቀምጡ። ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን የሌሎች ሰዎች ፓኬጆችና የዶከር ምስሎች (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ሁሉ የታሸገባቸውን ፋይሎች) ደግሞ ጥሩ መስመር ባለበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ጠቅልለው ያውርዱ። ትልቅና አሮጌ ፕሮጀክት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ሙሉ ታሪኩ እንዲመጣ ማድረግ ግድ አይደለም፤ ጊት የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ የማውረድ አማራጭ አለው፣ በደካማ መስመር ላይ የሰዓታት ልዩነት ያመጣል።

ከባድ ሥራን ከላፕቶፑ ማውረድ ሁለተኛው ዘዴ ነው። በአውሮፓ ባለ ዳታ ሴንተር ውስጥ አነስተኛ ሰርቨር ይከራዩና ኮምፓይል ማድረጉ፣ ቴስቱ፣ ትልልቅ ፋይል ማውረዱ እዚያ ይሁን። ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያሠራው መንገድ) ሲገቡ የሚተላለፈው ፊደል ብቻ ስለሆነ በጣም ደካማ የሞባይል መስመር እንኳ ይበቃዋል። መስመሩ ሲቆረጥ ሥራው እንዳይጠፋ፣ በሰርቨሩ ላይ ክፍት አድርጎ በሚያቆየው ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ይሥሩ። ሞሽ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ መቆራረጥ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቢቀይሩ ወይም ላፕቶፑን ዘግተው ቢከፍቱም ግንኙነቱን ካለበት ይቀጥላል።

ስብሰባ ላይ ካሜራ አለመክፈትን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ይነጋገሩበት። ቪዲዮ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን በአስሮች በሚቆጠር ሜጋባይት ያልቃል። በመጀመሪያው ስብሰባ ለሦስት ደቂቃ ፊትን አሳይቶ፣ ምክንያቱን ነግሮ ማጥፋት ይበቃል። ሳይነግሩ ማጥፋት ግን ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን አሠሪው የሚፈራው ሥራው መዘግየቱን አይደለም፤ እርስዎ የት እንደገቡ አለማወቁን ነው። እኔ ሦስት አጫጭር ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ጽፌ አዲስ አበባ ለምትኖር ታናሽ እኅቴ ሰጥቻታለሁ፤ ቁጥር አንድ «መብራት ጠፍቷል፣ ዛሬውኑ እመለሳለሁ» የሚል ነው፣ ቁጥር ሁለት «ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ በእጄ ያለውን ሥራ ግን እቀጥላለሁ» ይላል፣ ቁጥር ሦስት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እየሄድኩ መሆኑን ይገልጻል። ስልክ እስከሠራ ድረስ ደውዬ «ቁጥር ሁለትን ላኪው» እላታለሁ፤ «እሺ፣ እስከ መቼ ልበል?» ትላለች፤ «እስከ ሐሙስ በይው» እላለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አሠሪውም ደብዳቤውን የምትልከው ማን እንደሆነች አስቀድሞ እንዲያውቅ የእሷን ኢሜይል በውሉ ላይ አስፍሬዋለሁ። በአዲስ አበባ የመስመር ኢንተርኔት ያለው፣ ሁለት ሦስት ቀን የሚያሳድር ዘመድ ወይም ጓደኛ ማዘጋጀትም የዚሁ ዕቅድ አካል ነው፤ ከመነሣትዎ በፊት ግን በሸኖ በኩል ያለው መንገድ እንዴት እንደዋለ መጠየቅ አይርሱ።

አምስተኛ፦ ሰዓቱንና ቀኑን ያስታርቁ

የመጀመሪያ ደንበኛዬ በርሊን ነበር። ስብሰባውን «በእናንተ ሰዓት አቆጣጠር 9፡00» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔም በማስታወሻዬ ላይ «9 ሰዓት» ብዬ ያዝኩና ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገባሁ። እሱ ያለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት አርፍጄ «ጤና ይስጥልኝ» ማለቴን ሳስበው አሁንም እሸማቀቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሰዓት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ካልሆነ በቀር አልጽፍም፤ በላፕቶፑም በስልኩም ላይ የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ አስቀምጫለሁ፣ የእኛው በግድግዳው ሰዓት ላይ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀያይርም፤ አውሮፓና አሜሪካ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያይራሉ፣ ያውም በተለያየ ቀን። አሜሪካ በመጋቢት መባቻ አካባቢ ትቀድማለች፣ አውሮፓ ደግሞ በመጋቢት ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ይከተላል። ወደ ኋላ ሲመልሱት ግን አውሮፓ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ይቀድማል፣ አሜሪካ ከሳምንት በኋላ ትከተላለች። በኒውዮርክ ከጠዋቱ 10፡00 የሚደረግ ስብሰባ በበጋቸው ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በክረምታቸው ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሸጋገራል። ሳን ፍራንሲስኮ ከሆነ ያው ስብሰባ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል። በርሊን ከእኛ የሚለየው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቤተሰብ ላለው ሰው የአውሮፓ ደንበኛ ይስማማዋል፤ ምርጫ ካለዎት ይህን አቅልለው አይዩት።

ቀንም እንዲሁ ነው። በክፍያ መጠየቂያና በውል ላይ 2025-03-04 በሚመስል መልክ፣ ዓመቱን አስቀድመው ይጻፉ፤ አሜሪካዊው ወርን፣ አውሮፓዊው ቀንን ስለሚያስቀድም ሌላው አጻጻፍ ያምታታል። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ወደዚያ ደብዳቤ አይግባ።

ስድስተኛ፦ ውሉና ክፍያው

ሥራ ሳይጀመር አጭር ውል ይኑር፤ የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግና የኮዱ ባለቤትነት ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ እንደሚተላለፍ ይጻፍበት። ለአዲስ ደንበኛ የሁለት ሳምንት ሥራ ሠርተው ሳይከፈልዎት ሦስተኛውን አይጀምሩ። አሜሪካዊ ድርጅት የግብር ቅጽ እንዲሞሉ ሲጠይቅዎት፣ የውጭ አገር ሰው የሚሞላው ደብሊው-8ቤን የሚባለው ነው፤ ደብሊው-9 ለአሜሪካውያን ስለሆነ በስሕተት ቢልኩልዎ ይመልሱት።

ፔይፓል በኢትዮጵያ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም፤ ስለዚህ ዋናው መንገድ የባንክ ሐዋላ ነው። የውጭ ደንበኛ አይባን የሚባል ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያ ግን በአይባን አትሠራም፤ የሒሳብ ቁጥርዎን፣ የባንኩን ስዊፍት ኮድ (የባንኩን ዓለም አቀፍ መለያ) እና አድራሻውን ይላኩለት። በመንገድ ላይ ያሉ አስተላላፊ ባንኮች ከገንዘቡ ላይ ይቆርጣሉ፤ ላኪው ባንኩ ዘንድ «ኦውር» የሚለውን አማራጭ ከመረጠ ወጪው የእሱ ይሆናል፣ «ሻ» ከሆነ ግን ትካፈላላችሁ። ማንኛውም ሐዋላ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የራሱ ወጪ ስላለው በየሳምንቱ ከመቀበል በወር አንድ ጊዜ መቀበል ያዋጣል።

የስም ጉዳይ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ባንኩ የሚያውቅዎት በስም፣ በአባትና በአያት ነው። በክፍያ መጠየቂያው ላይ ሁለት ስም ብቻ ጽፈው፣ ወይም በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ በአንድ ፊደል ለውጠው ከላኩ ገንዘቡ ለማጣራት ሊያዝ ወይም ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። እኔን አንዴ ገጥሞኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ በአያቴ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ደግሜ ጽፌ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በባንክ ደብተሩ፣ በፓስፖርቱ፣ በውሉና በመጠየቂያው ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ዓይነት መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ጠቧል፤ ነዋሪ ኢትዮጵያዊም ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ መነሻ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የሚከፍትበት አሠራር ተፈቅዷል። የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ከባንክዎ ይጠይቁ። «ዶላሩን ውጭ ላለ ሰው አስገባ፣ እዚህ በብር እሰጥሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም፤ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ገቢዎን የሚያስረዳ አንድም ወረቀት አያስቀርልዎትም፣ ብድርም ሆነ ቪዛ ለመጠየቅ ደግሞ ያ ወረቀት ያስፈልጋል።

ግብርን በተመለከተ ብዙ ፕሮግራመር «ክፍያው ከውጭ ስለሆነ አይመለከተኝም» ይላል፤ ስሕተት ነው። በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው በሕጉ ነዋሪ ነው፣ ነዋሪ ደግሞ ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይከፍላል። ከፍተኛው መጠን 35 በመቶ ስለሆነ ከሚገባው ገንዘብ ሲሶውን በሌላ ሒሳብ ማስቀመጥ ከድንጋጤ ያድናል። ቲን ያውጡ፣ በከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የትኛው የንግድ ፈቃድ ዘርፍ እንደሚመለከትዎ ይጠይቁ፣ የግለሰብ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን ይዘው የእያንዳንዱን ወር የባንክ ማስረጃ በቅደም ተከተል ይሰንዱ።

ሰባተኛ፦ ብርዱና ግቢው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለአሜሪካ ደንበኛ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጥ ሰው የሚያስቸግሩት ጣቶቹ ናቸው፤ በደነዘዘ ጣት ኮድ አይጻፍም። የመንዝ ባና ከጉልበት በታች ጠቅልለው፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርገው ይቀመጡ፤ የሞቀ በሶ በአጠገብ ቢኖር አይጠላም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል አያቀጣጥሉ። ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይቀራል፤ ከራስ ምታት፣ ከማዞር፣ ከማቅለሽለሽና ከእንቅልፍ በቀር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለም። ምድጃው ውጭ ላይ በደንብ ፍም ቢሆን እንኳ ወደ ውስጥ አይግባ።

የመጨረሻው ጉዳይ አከራይ ነው። ቀን ቤት የሚውል፣ ሌሊት መብራቱ የማይጠፋ፣ ብቻውን በፈረንጅ አፍ የሚያወራ ወንደላጤ በግቢው ውስጥ መነጋገሪያ ይሆናል። አከራዬ በመጀመሪያው ወር ስብሰባ ላይ ሳለሁ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ሥራ ፈትተህ ከምትቀመጥ ና ቡና ጠጣ» ብለውኝ ነበር፤ በማይክሮፎኑ በኩል ስምንት ሰው ሰምቷል። ማታውኑ ሄጄ «እማማ፣ ሥራዬ እኮ ይሄ ነው» ብዬ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ከማን ጋር እንደምሠራና ገንዘቡ በባንክ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ተስማማንም፤ በበሩ እጀታ ላይ ነጠላ ከታሰረ ስብሰባ ላይ ነኝ ማለት ነው፣ ማንም አያንኳኳም፤ ነጠላው ሲፈታ ግን ቡና መቅረት የለም። ቤቱን በተከራዩ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ይነጋገሩ፣ የስብሰባ ሰዓቶችዎንም በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ይስጡ።